ሚዛኑ ለቆመ ሰው ነው፦ በዊልቸርና በክራንች ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች ግፊትን፣ ስኳርንና የኩላሊት ሕመምን ቀድሞ የመያዣ መመሪያ

ጤና ጣቢያ ሲገቡ የመጀመሪያው ትእዛዝ «ጫማ አውልቀው ሚዛኑ ላይ ይውጡ» ነው። መቆም የማይችል ሰው ካርድ ላይ የክብደቱ ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ወይም በዓይን ግምት 60 ተብሎ ይሞላል። የመድኃኒቱ መጠን፣ የውፍረቱ ስሌት፣ የኩላሊት ምርመራው ትርጉም ሁሉ ከዚያ ግምት ተነሥቶ ይወሰናል።

ጉዳዩ የሚዛን ብቻ ቢሆን በተቻለ። የግፊት መለኪያው የክንድ መጠቅለያ፣ የውፍረት ሰንጠረዡ፣ የክሬአቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ውጤቱ፣ «ደረትዎን ያምዎታል?» የሚለው ጥያቄ ሳይቀር የተሰናዳው ቆሞ ለሚሄድና መላ አካሉ ለሚሰማው ሰው ነው። ተቀምጦ በሚውል ሰው ላይ እንዳለ ሲወሰድ አንዱ ያለውን በሽታ ይደብቃል፣ ሌላው የሌለውን ይፈጥራል። ይህ መመሪያ እያንዳንዱን ልኬት ለእንዲህ ያለ ሰው እንዴት ማስተካከል እንደሚቻልና ከልኬቱ በኋላ ምን እንደሚደረግ ያሳያል። የኅብለ ሰረሰር ጉዳት፣ ፖሊዮ ወይም የእግር መቆረጥ ያለባቸውን ሰዎችና አስታማሚዎቻቸውን አስበን ጽፈነዋል። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ግን ያለ ሐኪም አይቀንሱ፣ አያቁሙ።

በመጀመሪያ ምክንያቱ። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር አብዛኛውን የሚወስደው ጡንቻ ነው፤ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ደግሞ የጭንና የዳሌ ናቸው። እነዚህ ሲሰልሉ ስኳሩ መግቢያ ያጣል፣ በጡንቻው ቦታ ስብ ይተካል፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል (ኤችዲኤል) ይወርዳል። ሰውዬው ከውጭ ሲታይ ቀጭን ሊሆን ይችላል። «ምን ስብ አለውና ነው ስኳር የሚይዘው» የሚባለው በዚህ ምክንያት ስሕተት ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የልብስ ስፌት ሜትር፣ በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ (በእጅ አንጓ የሚታሰረውን አይግዙ)፣ እጀታ ያለው መስታወትና አንድ ደብተር።

1. ክብደት

ዊልቸር የሚይዝ ሚዛን ያለው ጤና ተቋም ካላገኙ ወፍጮ ቤት ወይም የእህል መጋዘን ይሂዱ። ኩንታል የሚመዘንበት ጠፍጣፋ የመሬት ሚዛን ለዚህ ሥራ ሁነኛ ነው።

ሀ) ሚዛኑን ይፈትኑ። ያልተከፈተ የ50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ቢጭኑበት 50 አካባቢ ማሳየት አለበት። ከ1 ኪሎ በላይ ከሳተ ሌላ ሚዛን ይፈልጉ፤ ሌላ ከሌለም በየወሩ ያንኑ ይጠቀሙ። ስሕተቱ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ለውጡ ይታያል።

ለ) ከዊልቸሩ ላይ ቦርሳ፣ ክራንችና የውኃ ኮዳ ያውርዱ። ፊኛዎን አስቀድመው ያስለቅቁ፤ 500 ሚሊ ሊትር ሽንት ግማሽ ኪሎ ነው።

ሐ) አራቱም ጎማዎች ሚዛኑ ላይ ይውጡ፣ ብሬክ ይያዙ። የሚደግፍዎ ሰው እጁን ከመያዣው ያንሣ። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውዬው «እንዳይወድቅ» ብሎ በአንድ እጁ ይዞ ይቀራል።

መ) ወርደው ወንበሩን ከነመቀመጫ ትራሱ ለብቻው ይመዝኑ፣ ይቀንሱ። ለምሳሌ ከወንበር ጋር 83.5፣ ወንበሩ ብቻ 19.5 ከሆነ ክብደትዎ 64 ኪሎ ነው። የወንበሩን ክብደት ከብረቱ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፉት፤ ትራስ ወይም ጎማ እስኪቀይሩ ድረስ ሁለተኛ መመዘን አያስፈልግም።

እግር የተቆረጠበት ሰው ሰው ሠራሽ እግሩን አውልቆ ይመዘን፣ ከዚያ የጎደለውን ክፍል በስሌት ይመልስ። ከጉልበት በታች ያለው እግር ከመላው ሰውነት 6% ገደማ፣ ከጭን መካከል ሲሆን 11% ገደማ፣ ከዳሌ ጀምሮ ሙሉው እግር 16% ነው። 62 ኪሎ የመዘነና እግሩ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው 62ን ለ0.94 ያካፍላል፤ 66 ኪሎ ይሆናል። የውፍረት ሰንጠረዥ ላይ የሚገባው 66 እንጂ 62 አይደለም። የመድኃኒት መጠን ሲወሰን ግን ሐኪሙ ሁለቱንም ቁጥር ይወቅ።

2. ቁመትና ውፍረት

ቁመት በመተኛት ይለካል። ጠፍጣፋ ወለል ላይ በጀርባ ይተኙ፣ አናትዎ ግድግዳ ይንካ፣ እግርዎ ተዘርግቶ ተረከዝ ሥር መጽሐፍ ይቁም፤ ከግድግዳው እስከ መጽሐፉ ይለኩ። ጉልበት ወይም ዳሌ አልዘረጋ ካለ በግድ አይጫኑት። እጆችን ወደ ጎንና ጎን ዘርግቶ ከመካከለኛው ጣት ጫፍ እስከ ጫፍ መለካት ቁመትን ተቀራራቢ አድርጎ ይሰጣል።

ክብደትን በኪሎ፣ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ያካፍሉ። 64 ኪሎና 1.68 ሜትር 22.7 ይሰጣል። ለሚራመድ ሰው ይህ ጤናማ ቁጥር ነው፤ ከመጠን ያለፈ ክብደት የሚባለው ከ25 ይጀምራል። ኅብለ ሰረሰሩ ለተጎዳ ሰው ግን መስመሩ 22 ነው። የቀረው ጡንቻ ትንሽ ስለሆነ በዚያው ክብደት ውስጥ ያለው ስብ በጣም ይበዛል፤ ለነዚህ ሰዎች በተዘጋጁ መመሪያዎችም ከ22 ጀምሮ ያለው እንደ ከባድ ውፍረት ይቆጠራል። በምሳሌው ያለው ሰው እንግዲህ ካርዱ ላይ «ደኅና» ተብሎ ተጽፎለት ከመስመሩ አልፏል። ፖሊዮ አንድ እግሩን ብቻ ላሰለለበት ወይም እግሩ ለተቆረጠበት ሰው የተለመደው 25 ይሠራል፤ ወገብን አብሮ መለካት ግን አይቅር።

ወገብ ሲለካ ተኝተው ይሁን። የሆድ ጡንቻ የሰለለበት ሰው ሲቀመጥ አንጀቱ ወደፊት ስለሚገፋ ሆዱ ያልሆነውን ያህል ትልቅ ይመስላል። በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ፣ ሜትሩ ቆዳ ሳይጨቁን። ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት 80 የማስጠንቀቂያ መስመር ነው። በ3 ወር 3 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ፣ መስመሩ ጋር ባይደርስም፣ ምግቡን ለማየት በቂ ምክንያት ነው።

3. የደም ግፊት

ዊልቸር የሚገፋና በክራንች የሚሄድ ሰው ክንዱ ይፈረጥማል። ከግፊት መለኪያው ጋር አብሮ የሚሸጠው መጠቅለያ ብዙውን ጊዜ ዙሪያው ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ የተሠራ ነው። በትከሻና በክርን መካከል ዙሪያውን ይለኩ፤ ከ35 እስከ 44 ከሆነ ትልቁን መጠቅለያ ለብቻው ይግዙ። ጠባብ መጠቅለያ ላይኛውን ቁጥር ከ5 እስከ 20 ነጥብ ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ጤነኛ ሰው መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል። በፖሊዮ የሰለለ ቀጭን ክንድ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል። የተሻለውን ክንድ ይምረጡ፤ ሁለቱም ደኅና ከሆኑ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ለክተው ከዚያ በኋላ ከፍ ባለው ይቀጥሉ።

አለካኩ፦ ፊኛ ባዶ፣ ከቡና ወይም ከሲጋራ ከ30 ደቂቃ በኋላ። ዳገት ወይም ራምፕ ገፍተው ከደረሱ 5 ደቂቃ ዕረፍት አይበቃም፤ 20 ያድርጉት። ጀርባ ይደገፍ፣ እግሮች በእግር ማሳረፊያው ላይ ይቀመጡ፣ ክንዱ በልብ ትክክል ከጠረጴዛ ላይ ይረፍ። የዊልቸሩ ክንድ ማሳረፊያ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፤ ክንድ ዝቅ ሲል ቁጥሩ ከፍ ስለሚል የታጠፈ ጋቢ ከሥሩ ያስገቡ። አይነጋገሩ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ይሰርዙ፣ የቀረውን አማካይ ያውጡ። በቤት የተለካ አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደብተሩን ይዘው ሐኪም ያግኙ።

ኅብለ ሰረሰሩ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው (በግምት ስሜቱ ከጡት ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ወይም ከዚያ በላይ የሚያቆም ሰው) ሌላ ሒሳብ አለው። የወትሮ ላይኛ ቁጥሩ ከ90 እስከ 110 ነው። ይህ ሰው 140 ሲያሳይ «ትንሽ ከፍ ብሏል» ተብሎ ወደ ቤት ሊላክ ይችላል። ለእሱ 140 ድንገተኛ አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ምን እንደሚደረግ መጨረሻው ላይ አለ። የወትሮውን ቁጥር ጤነኛ በሆነበት ሳምንት ለክቶ ማወቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

4. የስኳርና የደም ቅባት ምርመራ

በጾም (8 ሰዓት ያለ ምግብ) የተለካ ስኳር ከ100 በታች ደኅና፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፣ 126 ወይም ከዚያ በላይ በሌላ ቀን ሲደገም የስኳር ሕመም ነው። ጡንቻው በጠፋበት ሰው ላይ ግን የጾሙ ቁጥር ደኅና ሆኖ ከምግብ በኋላ ያለው ብቻ የሚበላሽበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ወገብዎ ከመስመሩ ካለፈ ወይም በቤተሰብ ስኳር ካለ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥቶ ከ2 ሰዓት በኋላ የሚለካውን ምርመራ ይጠይቁ፤ ከ140 እስከ 199 ቅድመ ስኳር፣ 200ና በላይ ስኳር ነው። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የ3 ወር አማካይ ምርመራም ወጥመድ አለው፦ የቆየ የአልጋ ቁስልና ተደጋጋሚ የሽንት ኢንፌክሽን ደም ማነስ ያመጣሉ፣ ደም ማነስ ደግሞ ይህን ቁጥር ያዛባል። ሄሞግሎቢን አብሮ ይታይ።

በቤት በጣት የሚለኩ ከሆነ እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ማንጎ የነካ ጣት ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ጎማ በሚገፉበት አውራ ጣትና አመልካች ጣት ላይ አይውጉ፤ ቁስሉ ላይ አቧራና ጭቃ ይገባበታል። የቀለበት ጣት ጎን ይሻላል።

የደም ቅባትን በዓመት አንድ ጊዜ ያሠሩ። ሰው ሁሉ መጥፎውን (ኤልዲኤል) ብቻ አይቶ ይሄዳል፤ እርስዎ ኤችዲኤልንም ይዩ። ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች ዝቅተኛ ነው። ለዚህ እንቅስቃሴ ይረዳል።

5. ኩላሊትና ፊኛ

ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ጡንቻው ትንሽ የሆነ ሰው የሚያመነጨውም ትንሽ ስለሆነ ኩላሊቱ ግማሽ አቅሙን አጥቶም ውጤቱ «ደኅና» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከዓምናው ጋር ያስተያዩት፦ 0.5 የነበረ ሰው 0.9 ሲደርስ ቁጥሩ ከመደበኛው ወሰን ባይወጣም ሊሆን ስለሚችለው ነገር ሐኪሙን ይጠይቁ። የሽንት ፕሮቲን (አልቡሚን) ምርመራና በዓመት አንድ ጊዜ የኩላሊትና የፊኛ አልትራሳውንድ ይጨመርበት። ሲስታቲን ሲ የሚባለውን ሌላ የኩላሊት የደም ምርመራ የሚሠራ ቤተ ሙከራ ካለ ከጡንቻ መጠን ጋር እምብዛም ስለማይያያዝ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

ፊኛቸው በራሱ የማይታዘዝ ሰዎች ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) የሚያስገቡት በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከ500 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ። ለአንድ ሳምንት የልኬት መስመር ባለው ጆግ ይለኩት። 700 ወይም 800 እየወጣ ከሆነ ፊኛው ከአቅሙ በላይ እየተለጠጠ፣ ሽንቱም ወደ ኩላሊት እየተመለሰ ሊሆን ይችላልና ሰዓቱን ያጥብቡ።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት። መጸዳጃ ቤቱ ደረጃ ያለው ወይም በሩ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ሰው ከቤት ሲወጣ ውኃ አይጠጣም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዞ ነበር፤ በተግባር ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ውኃ ማቆም ግን ሽንቱን ያወፍራል፣ ጠጠርና ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ሆድ ያደርቃል። የሚሻለው ማከፋፈል ነው፦ በቀን 1.5 እስከ 2 ሊትር (ልብ ወይም ኩላሊት ታሞ ሐኪም ካልከለከለ)፣ ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ግማሽ ሊትር፣ ቀን ላይ በሰዓት አንድ ስኒ፣ ከመኝታ 2 ሰዓት በፊት ማቆም።

ሌላው ጠላት የትከሻ ሕመም ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለሳምንታት በየቀኑ ሲወሰዱ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ግፊትም ይጨምራሉ። ፋርማሲው ያለ ማዘዣ ስለሸጠልዎ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

6. ምግብ

ሁለቱም እግሮቹ የሰለሉ የኅብለ ሰረሰር ጉዳተኛ በቀን በኪሎ 28 ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል፤ እጆቹም ከተነኩ 23 ገደማ። የ64 ኪሎው ሰው ወደ 1,800 መሆኑ ነው። ቤተሰቡ ግን እንደ ድሮው ያቀርባል፤ ሲያዝኑለት ደግሞ ጉርሻው ይበዛል። ከመሶብ ሲበላ መጠን አይታወቅም፣ ጉርሻ አይቆጠርም። ቅር ቢልም ለአንድ ወር በራስ ሳህን መብላት ምን ያህል እንደሚበላ ያሳያል።

ዘይትን በቤቱ ጀሪካን ይቆጣጠሩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። 5 ሰው ባለበት ቤት ለአንድ ሰው በቀን 2 ማንኪያ ብንመድብ ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን 33 ቀን ይቆያል። በ2 ሳምንት የሚያልቅ ከሆነ ጾም ነው ፍስክ ነው ሳይባል ወጡ በዘይት ይዋኛል ማለት ነው፤ የጾም ሽሮና ምስር ደግሞ በዚህ የታወቁ ናቸው። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላልተው ውኃ ጠብ እያደረጉ ካበሰሉ በኋላ ዘይቱን በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ፤ ከጀሪካኑ አፍ አይገልብጡ። በጨውም እንዲሁ ነው፦ በቀን ለአንድ ሰው 5 ግራም ወሰኑ ነውና 1 ኪሎ ጨው ለ5 ሰው 40 ቀን መቆየት አለበት። ግፊታቸው ዝቅተኛ ሆኖ ሲቀመጡ የሚያዞራቸው ከፍ ያለ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ግን ጨው ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ።

ስኳር በቀን ከ6 የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ይመረጣል። ሦስት ስኒ ቡና በሁለት ሁለት ማንኪያ ኮታውን ጨረሰ፤ ለስላሳው ገና አልተቆጠረም።

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ባቄላና ገብስ ለስኳርም ለአንጀትም ይበጃሉ። አንጀቱ የሰለለበት ሰው ግን በአንድ ሳምንት እጥፍ ካደረገው ሆዱ ይነፋል፣ ሊዘጋም ይችላል። በ2 ሳምንት ቀስ እያሉ፣ ከውኃ ጋር። የአልጋ ቁስል ክፍት ሆኖ ሳለ ክብደት መቀነስ አይጀመርም፤ ቁስሉ በኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ይህን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ሳይመካከር አይጹም፤ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱን ወይም የመስጊዱን ኢማምም አስቀድሞ ያነጋግር። እየጾመ ስኳሩ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ያፍርስ። ለወረደው 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት ነው። ከፍ ያለ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ባለበት ሰው ላቡና የልብ ምቱ ምልክት ላይሰጥ ስለሚችል መለኪያው ከእጁ አይለይ።

7. እንቅስቃሴ

ከዜሮ የሚነሣ ሰው በሳምንት 2 ቀን ለ20 ደቂቃ ይጀምር፤ ስኳርንና ቅባትን ለመቀየር ግን በሳምንት 3 ቀን ለ30 ደቂቃ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአካል ጉዳተኛ አዋቂዎችም እንደ ማንኛውም ሰው በሳምንት ከ150 ደቂቃ ጀምሮ ይላል፤ ያ መድረሻው ነው። በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከዊልቸር ይልቅ ትከሻን ያሳርፋል። ጥንካሬውን በልብ ምት አይለኩ፤ ከላይ ባልነው ከፍ ያለ ጉዳት ላይ ልብ ለድካም እንደሚገባው አይፈጥንም። መናገር እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎ ልኩ እሱ ነው።

መጀመሪያ ወንበሩን ያስተካክሉ። እጅዎ የመግፊያው ቀለበት አናት ላይ ሲያርፍ ክርንዎ ላይ ያለው ማዕዘን ከ100 እስከ 120 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ክንድዎ ቀጥ ካለ ወንበሩ ከፍ ብሏል፣ በጣም ከታጠፈ ዝቅ ብሏል። ጎማውን በየሳምንቱ ከጎኑ ላይ በተጻፈው ልክ ይንፉ፤ ለስላሳ ጎማ ትከሻ ይበላል። አገፋፉ ረጅምና ለስላሳ ይሁን፤ እጁ ከለቀቀ በኋላ ወደታች ወርዶ ይመለስ።

ሁልጊዜ ወደፊት መግፋት የደረትን ጡንቻ እያጠነከረ የጀርባውን ይተወዋል፤ ትከሻ የሚታመመው በአብዛኛው እዚህ ነው። መድኃኒቱ መጎተት ነው። ከአሮጌ ብስክሌት ከመነዳሪ (የጎማው የውስጥ ላስቲክ) ያግኙ። የንፋስ መሙያውን ቆርጠው ያውጡ፣ ውስጡን ያለውን ነጭ ዱቄት ይጠቡ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያስቀሩ። መካከሉን በመስኮት ብረት ላይ በደረት ከፍታ ያሳልፉ፣ ጫፎቹን ለእጅ ቋጥረው ማንጠልጠያ ያድርጉ፤ መጨበጥ ያቃተው ሰው በእጅ አንጓው ያስገባዋል። ብሬክ ይዘው፣ ክርኖች ጎን ተጠግተው ወደኋላ ይጎትቱ፣ ከጀርባ ያሉት የትከሻ አጥንቶች ሲቀራረቡ ለ2 ሰከንድ ይቆዩ። 10 ጊዜ በ3 ዙር፣ በሳምንት 2 ቀን። 12 ሲቀልዎ ላስቲኩን እጥፍ ያድርጉት። ከመጀመርዎ በፊት ላስቲኩን በብርሃን ዘርግተው ያዩት፤ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ በጥሶ ዓይን ይመታል። ለሌላው ክብደት ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሲሞላ 1 ኪሎ፣ ደረቅ አሸዋ ሲሞላ 1.5 ኪሎ ገደማ ነው።

ፖሊዮ የነካው ጡንቻ የቀረው ነርቭ ጥቂት ስለሆነ «በርታ» አይባልም። በማግሥቱ ጠዋት የበለጠ ከዛለ ወይም ካመመ ግማሹን ይቀንሱ፣ አንድ ቀን እያሳረፉ ይሥሩ። ከጉዳቱ በታች የማያልብ ሰው ቀትር ላይ አይሥራ፤ እርጥብ ጨርቅ አንገቱ ላይ ያድርግ። የሰለለ እግርን በኃይል ማጠፍ የሳሳ አጥንት ይሰብራል፤ ያለ ሕመም ያበጠና የሞቀ እግር ስብራት ወይም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ፣ አይታሽ። በተቀመጡ ቁጥር በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደፊት ጎንበስ ብለው 2 ደቂቃ ይቆዩ፤ ጠዋትና ማታ መቀመጫዎን በመስታወት ይዩ፣ በግማሽ ሰዓት የማይጠፋ መቅላት ወይም መጥቆር ካለ እስኪጠፋ አይቀመጡበት።

8. ሰውነት በሌላ ቋንቋ ሲናገር

ደረቱ የማይሰማው ሰው ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሲመታው ደረቱን ላያመው ይችላል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ምክንያት የሌለው ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ከወትሮው የባሰ የእግር መንቀጥቀጥ ይታያል። የትከሻና የመንጋጋ ሕመምም ይመጣል፤ ችግሩ ትከሻ በዊልቸር ሰው ዘንድ ሁልጊዜ ስለሚያም ማንም አይጠረጥረውም። ክንድ ሲንቀሳቀስ የማይለወጥ፣ ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ የትከሻ ሕመም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ያስኬዳል። የሽንት ኢንፌክሽንም እንዲሁ ሳያቃጥል ይመጣል፤ ሽታ፣ ድፍርስነት፣ ከካቴተር ውጭ ማፍሰስ፣ ብርድ ብርድ ማለት ናቸው ምልክቶቹ።

ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው ድንገት ራሱን ከፈለጠው፣ ፊቱ ከቀላና ከጉዳቱ በላይ ካላበው ግፊቱን ይለኩ። ከወትሮው በ20 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ካለ፦ አያስተኙት። ቀጥ አድርገው ያስቀምጡ፣ እግሮቹን ያውርዱ፣ ቀበቶ፣ ጫማና የካልሲ ላስቲክ ይፍቱ። ካቴተሩ ታጥፎ ወይም ከረጢቱ ሞልቶ እንደሆነ ይዩ፤ ካቴተር ከሌለው ያስገቡለት። ያ ካልሆነ አንጀት፤ ከዚያ ቁስል፣ የበቀለ ጥፍር፣ የተጨማደደ ልብስ። በየ2 እስከ 5 ደቂቃው ይለኩ። መንስኤው ካልተገኘ ወይም ላይኛው ቁጥር 150 ከደረሰ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ በመኪናውም ውስጥ ተቀምጦ ነው።

እዚያ የሚያገኙት ባለሙያ ይህን ሁኔታ አይቶ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የሚከተለውን በካርቶን ላይ ጽፈው፣ በላስቲክ ሸፍነው፣ ከዊልቸሩ ጀርባ ኪስ ያስቀምጡ፤ ቅጂውን ከጤና መድኅን ካርድዎ ጋር ያኑሩ፦

«ኅብለ ሰረሰሬ በ____ ላይ ተጎድቷል። የወትሮ ግፊቴ ____/____ ነው። ከዚህ በ20 ከፍ ካለ ለእኔ ድንገተኛ ነው። አታስተኙኝ። መጀመሪያ ፊኛዬን፣ ቀጥሎ አንጀቴን እዩ። ናይትሬት የተባለውን ግፊት አውራጅ ከመስጠታችሁ በፊት ቪያግራ ወይም መሰል መድኃኒት በ48 ሰዓት ውስጥ መውሰዴን ጠይቁኝ። ክብደቴ በሚዛን ____ ኪሎ ነው። ዊልቸሬ ብቻውን ____ ኪሎ ነው።»